ሰውነትሽ ገና ከመኪናው አልወረደም

ልጄ፣

መልእክትሽን አነበብኩት። ሐኪሟ ከመኪናው አደጋ በኋላ የያዘሽ "ፒቲኤስዲ ነው" እንዳለችሽ ጽፈሻል፤ ከከባድ አደጋ በኋላ የሚቀር የድንጋጤ ሕመም ማለት ነው። ከሥሩ ደግሞ "አባዬ፣ እኔ ግን እያበድኩ ነው የሚመስለኝ" ብለሻል። ወዲያው ልደውልልሽ ነበር። ግን በስልክ ስንገናኝ አንቺ "ደህና ነኝ" ትያለሽ፣ እኔ "ጎሽ" እላለሁ፣ አለቀ። ስለዚህ ልጻፍልሽ አልኩ። ትንሽ ይረዝማል። በአንዴ ካልገፋ ከፋፍለሽ አንብቢው።

አላበድሽም። ይቺን መጀመሪያ ላስቀምጥና ወደ ሌላው ልለፍ።

ባለፈው ቤት የመጣሽ ቀን የሆነውን ታስታውሺያለሽ? እናትሽ የድስት ክዳን ከእጇ አመለጣት። ክዳኑ መሬት ላይ ተሽከርክሮ ዝም ሳይል አንቺ ጠረጴዛ ሥር ነበርሽ። ሁለት እጅሽ ራስሽ ላይ፣ ጉልበትሽ ደረትሽ ላይ። እንዴት እንደገባሽ ማናችንም አላየንም። ከዚያ ወጣሽና "ኧረ በስማም፣ ምን እንዲህ ያስደነግጠኛል!" ብለሽ ሳቅሽ። እናትሽም ሳቀች። እኔ አንገትሽ ላይ ያለውን ደም ሥር እያየሁ ነበር። ምሳ ቀርቦ፣ ተበልቶ፣ ተነስቶ፣ ገና ይመታ ነበር። ሳቁ ለእኛ ሲባል የተሳቀ መሆኑ ገብቶኛል።

ዕድሜዬን ያሳለፍኩት ባዮሎጂ ሳስተምር ነው። ስለ አድሬናሊን ስንት ጊዜ በጠመኔ እንደጻፍኩ እንጃ። አንቺም አንድ ዓመት ክፍሌ ውስጥ ተቀምጠሽ ሰምተሻል፤ ማዛጋትሽንም አልረሳሁም። አሁን ሳታዛጊ ስሚኝ።

ክዳኑ ሲወድቅ፣ "ይሄ እኮ ክዳን ነው" ብሎ የሚያመዛዝነው የአንጎልሽ ክፍል ነገሩን አጣርቶ ሳይጨርስ፣ አሚግዳላ የሚባል ትንሽ ክፍል "አደጋ መጣ" ብሎ ያውጃል። ከኩላሊት በላይ የተቀመጡት እጢዎች አድሬናሊን ይለቃሉ። ልብ ይደልቃል። ትንፋሽ ይፈጥናል። ደም ከሆድ ዕቃ ወደ እግርና ወደ ክንድ ጡንቻ ይዞራል። የዐይን ብሌን ይሰፋል። ይሄ ሁሉ በሰከንዶች ውስጥ ነው። ለመሮጥ ወይም ለመታገል መዘጋጀት ነው። ሁለቱም የማይቻል ሲሆን ደግሞ ሰው ባለበት ደርቆ ይቀራል። መኪናው ሲገለበጥ አንቺ የደረቅሽው ለዚህ ነው። "ለምን አልጮህኩም? አጠገቤ የነበረችውን ልጅ እጇን ለምን አልያዝኩም?" እያልሽ ራስሽን ትጠይቂያለሽ። በዚያች ቅጽበት አስበሽ የወሰንሽው ነገር የለም። ሰውነትሽ ነው የወሰነልሽ።

ይሄ አሠራር በራሱ በሽታ አይደለም። እኔም አለኝ፣ እናትሽም አላት፤ ባይኖረን ኖሮ መንገድ እንኳ በሰላም አንሻገርም። በአንቺ ላይ የተበላሸው ማብቂያው ነው። አደጋው አልፏል፣ ቁስሉ ደርቋል፣ መኪናው ተጎትቶ ሄዷል። ሰውነትሽ ግን ገና ከመኪናው አልወረደም። ክዳን ሲወድቅ፣ በር ሲዘጋ፣ ሞተር ሲያጓራ ሁሉን ነገር ከዚያች ደቂቃ ይቆጥረዋል።

ስለዚህ ሌላው ሁሉ ይከተላል። አንገትሽ ጠዋት ጠዋት እንጨት የሚሆነው ሌሊቱን ሙሉ ጡንቻሽ ተወጥሮ ስለሚያድር ነው። ጥርስሽን እያፋጨሽ ነው የምታድሪው፤ እናትሽ አጠገብሽ ያደረች ቀን ሰምታሻለች። ለጨጓራሽ ተመርምረሽ "ምንም የለብሽም" ተብለሽ ተመለስሽ። ያ በጣም አናዶኛል። ምርመራው ላይ አልታየም ማለት ሕመሙ የለም ማለት አይደለም። የምግብ መፈጨትን በየሰዓቱ የሚያቋርጥ ድንጋጤ ያለበት ሰው ሆዱ ቢታመም ምን ይገርማል? እንቅልፍም እንደዚሁ። ዐይንሽ ሊከደን ሲል ትባንኛለሽ፤ ዘብ ቆሞ የሚያድር ሰውነት እንዴት ይተኛል? ይሄ ነገር ሳይታከም ለዓመታት ሲቆይ ከልብ ሕመም ጋር የሚያያዝ መሆኑን ብዙ ጥናቶች አሳይተዋል። ላስፈራራሽ ብዬ አይደለም። "የአእምሮ ነው" ሲሉሽ "እንግዲያው የፈጠርኩት ነው" ብለሽ እንዳትቀበያቸው ነው።

አጎትሽ "ጠንከር በይ እንጂ!" ሲልሽ ሰምቼ ነበር። ክፉ ሰው አይደለም፣ ታውቂዋለሽ። ግን ይቺ ምክር ብዙ ሰው በልታለች። ዳ ኮስታ የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የተዋጉ ወታደሮችን ልብ መርምሮ፣ ልባቸው ሲደልቅና ደረታቸውን ሲወጋቸው አየ፤ የሚታይ የልብ በሽታ ግን አላገኘም፤ ይሄንንም እ.ኤ.አ. በ1871 አሳተመው። እ.ኤ.አ. በ1915 ቻርልስ ማየርስ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በአንደኛው የዓለም ጦርነት መድፍ ከፈነዳባቸው በኋላ ማየት፣ ማሽተት፣ ማስታወስ ስላቃታቸው ወታደሮች ጻፈ። በዚያው ጦርነት እንግሊዝ ከግንባር ሸሻችሁ፣ ፈሪ ናችሁ እያለች የራሷን ወታደሮች ትረሽን ነበር። ከተረሸኑት መካከል ዛሬ ቢሆን ሐኪም ቤት የሚላኩ እንደነበሩ ብዙዎች ያምናሉ። እ.ኤ.አ. በ2006 ነው 306ቱ ከሞቱ በኋላ ምሕረት የተደረገላቸው። ሕመሙ በአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች መዝገብ ዛሬ በሚጠራበት ስም የሰፈረው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። አየሽ፣ ሰዎቹ እስኪታመኑ መቶ ዓመት አልፏል። አጎትሽ ትንሽ ቢዘገይ አትፍረጂበት። ግን አትስሚው።

አሁን ወደ ጭንቅላቱ ልምጣ። ነዳጅ ማደያው ጋ የሆነብሽን ለእናትሽ ነግረሻታል። ቤንዚኑ ሲሸትሽ "አስታወስኩ ሳይሆን እዚያው ነበርኩ" አልሽ። በትክክል ነው የገለጽሽው። ሂፖካምፐስ የሚባል የአንጎል ክፍል አለ፤ የገጠመን ነገር መቼና የት እንደነበር እያያያዘ የሚያስቀምጥልን እሱ ነው። በከባድ ፍርሃት ጊዜ ይሄን ሥራውን በወጉ አይሠራም። ስለዚህ የዚያ ቀን ነገር ቀንና ቦታ ሳይጻፍበት ተቀመጠ። ሽታው ለብቻ፣ የመስታወቱ ድምፅ ለብቻ፣ የልጅቷ ጫማ ለብቻ። አንዱ ሲነካ እንደ ትናንት ነገር አይደለም የሚመጣው፤ አሁን እንደሚሆን ነገር ነው። ትራፊክ ፖሊሱ "መጀመሪያ ምን ሆነ?" ሲልሽ ቅደም ተከተሉ ጠፍቶብሽ "የዋሸሁ መስሎኝ አፈርኩ" ያልሽውም ከዚሁ ነው። አልዋሸሽም። የተበታተነ ነገር ነው ያለሽ፣ የተበታተነ ነገር ነገርሽው።

ሌላም አለ፤ ይሄኛውን ሰው አያይልሽም። ወንድምሽ ሲመረቅ አጨበጨብሽ፣ ፎቶ ተነሳሽ፣ አቀፍሽው። ማታ ላይ "አባዬ፣ ምንም አልተሰማኝም። ድንጋይ ሆኛለሁ" አልሽኝ። እኔ ከቅዠቱም ከመባነኑም በላይ የከበደኝ ይቺ ናት። ልጄ፣ የደስታ መጥፋትም የዚሁ ሕመም አካል ነው። ፍርሃቱን ለማፈን የሚደረገው ትግል ሌላውንም ስሜት ይዞ ይሄዳል። ወንድምሽን መውደድ አላቆምሽም።

ስለ መሸሽ ደግሞ ትንሽ ልቆይ፤ እዚህ ላይ ነው ሰው ሳያውቀው የሚያዝ። መጀመሪያ ያንን መንገድ ተውሽ። ማንም አይፈርድብሽም። ቀጥሎ በማታ መሄድ ተውሽ። ቀጥሎ ሚኒባስ። ቀጥሎ ከፊት ወንበር ካልሆነ ማንኛውንም መኪና። አሁን ጓደኞችሽ ሲጠሩሽ "ደክሞኛል" ትያለሽ። በተውሽ ቁጥር ምን ይሆናል? እፎይ ትያለሽ። ያቺ እፎይታ ጣፋጭ ናት፣ ችግሩም እሷው ናት። አንጎልሽ "አየሽ፣ ስላልሄድን ነው የተረፍነው" ብሎ ይማራል። በሚቀጥለው ጊዜ ፍርሃቱ ትንሽ ከፍ ብሎ ይጠብቅሻል። ዓለምሽ እንደዋዛ እየጠበበች ትሄዳለች፤ ሰው ግን "ተረጋግታ ቤት መዋል ጀመረች" ይላል።

ሐኪሟ የመከረችሽ ሕክምና ይሄንኑ ነው የሚገለብጠው። ኤድና ፎአ የተባለች የሥነ ልቦና ባለሙያ ያዳበረችው ዘዴ አለ። ከባለሙያ ጋር ቁጭ ብለሽ፣ ደህና በሆነ ቦታ፣ ያን ቀን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ትተርኪዋለሽ። ደግመሽ፣ ደጋግመሽ። ከዚያም የሸሸሻቸውን ነገሮች ከቀላሉ ጀምረሽ በየተራ ትጠጊያቸዋለሽ። አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት አንዴ፣ ለ90 ደቂቃ ያህል፣ ከ8 እስከ 15 ጊዜ ነው። ፓትሪሺያ ሪሲክ የቀረጸችው ደግሞ ይበልጥ ሐሳብ ላይ ያተኩራል፤ "ጥፋቱ የኔ ነው" የሚለውን ዓይነት ነገር አውጥቶ ይመረምራል፤ 12 ቀጠሮ ገደማ ነው። ዐይንን ግራና ቀኝ እያንቀሳቀሱ ትዝታውን የሚያነሱበት ኢኤምዲአር የሚባልም አለ፤ ፍራንሲን ሻፒሮ እ.ኤ.አ. በ1987 ነው የጀመረችው። መጀመሪያ ስሰማ ቀልድ መስሎኝ ነበር። ግን የዓለም ጤና ድርጅትም ከሚመክራቸው አንዱ ነው፣ ስለዚህ አፌን ዘግቻለሁ። የትኛው እንደሚሻልሽ ከሐኪምሽ ጋር ተማከሪ።

አንድ ነገር ብቻ አስቀድሜ ልንገርሽ። ሲጀመር የሚብስ ሊመስልሽ ይችላል። ቅዠቱ ሊጨምር ይችላል። ብዙ ሰው እዚያ ላይ ነው ጥሎ የሚሄደው። ያን ጊዜ "አልሠራልኝም" ብለሽ ከመቅረትሽ በፊት ለእሷ ንገሪያት።

ይሄ ሕክምና ሊጠይቁሽ የመጡት ሰዎች "እስቲ እንዴት ነበር?" እያሉ ካስተረኩሽ ጋር አንድ አይደለም። እነሱ ሲሄዱ አንቺ ሌሊቱን ትንቀጠቀጪ ነበር። አደጋ በደረሰ ማግስት ሰውን አንዴ አስቀምጦ ሁሉን እንዲያወጣ መገፋፋት ሕመሙን እንደማይከላከል፣ አንዳንዱን እንዲያውም እንደሚጎዳ ታይቷል። ስለዚህ ጎረቤት ሲጠይቅሽ "ሌላ ጊዜ" በይ። ይሉኝታ አይያዝሽ።

መድኃኒትም አለ። ሰርትራሊንና ፓሮክሴቲን ለዚህ ሕመም በደንብ ከተፈተሹት ናቸው፤ ለመሥራት ሳምንታት ይፈልጋሉ። ጓደኛሽ የሰጠችሽን ዳያዚፓም ግን ተዪው። ለዛሬ ማታ ያስተኛሽ ይሆናል። የሕክምና መመሪያዎች ግን ለፒቲኤስዲ አይመክሩትም፤ ሱስም አለው። መጠጡም ያው ነው። ይሄን አልፈዋለሁ፣ ትልቅ ሰው ነሽ።

ልብሽ ድንገት ሲደልቅ ደግሞ ይቺን ሞክሪ፦ ሁለት እግርሽን መሬት ላይ ጫን አድርጊ። ትንፋሽሽን ከምታስገቢው ይልቅ ስታስወጪው ረዘም ይበል። ከዚያ ዙሪያሽን እያየሽ የምታዪውን ስም ጥሪ፦ በር፣ መጋረጃ፣ ሰዓት፣ የራስሽ እጅ። ቀኑንም ጮክ ብለሽ ተናገሪ። አያድንም። ግን አሁን የት እንዳለሽ ለሰውነትሽ ይነግረዋል።

አሁን ወደ ከበደኝ ነገር ልምጣ። ስለ መንፈስሽ።

ጸሎት መተውሽን እናትሽ ነግራኛለች፤ አትቆጪያት፣ ጨንቋት ነው። "ቃሉን እላለሁ፣ ግን ባዶ ነው" ብለሻታል። አምልኮ ቦታ ሄደሽም መሀል ላይ ጥለሽ መውጣትሽን ሰማሁ። አንቺ ይሄን እምነቴ ጠፋ ብለሽ ተርጉመሽዋል። እኔ እንዲህ አየዋለሁ፦ ሕዝቡ ጥቅጥቅ ያለ ነው። በሩ ከጀርባሽ ነው። ድምፁ ከፍ ያለ ነው። መውጫ መንገድ የለም። አንቺ ልትጸልዪ ገባሽ፣ ሰውነትሽ ግን ተገልብጦ የተዘጋ መኪና ውስጥ ነው የገባው። እንዴት ይቆማል? ባዶነቱም በወንድምሽ ምርቃት ቀን የተሰማሽ ያው ባዶነት ነው። ደስታን ያደነዘዘ ነገር ጸሎትን አይምርም። ወንድምሽን መውደድሽን ካልተጠራጠርሽ፣ ይሄንንም ለጊዜው አትጠራጠሪ። በሚቀጥለው ደጃፉ አጠገብ ቁሚ፣ ወይም ሰው በሌለበት ሰዓት ሂጂ። ወይም አትሂጂ። እኔ እጸልይልሻለሁ፤ እስከዚያው የእኔ ይበቃል።

ግን ሁሉንም ነገር እጢና ሆርሞን አድርጌ ልሸኘው አልፈልግም። አንድ ጥያቄ አለሽ፤ በኪኒንም በትንፋሽም የሚመለስ አይደለም። ከመነሳታችሁ በፊት መስኮቱ አጠገብ መሆን ፈልገሽ ከልጅቷ ጋር ወንበር ተቀያየራችሁ። እሷ ሞተች፣ አንቺ ተረፍሽ። ይሄን ለእኔ የነገርሽኝ በጨለማ፣ መብራት ጠፍቶ ሳለ ነው። ሰው ሁሉ "እግዚአብሔር ያተረፈሽ ለምክንያት ነው" ይልሻል። እንዲያጽናናሽ ነው የሚሉት። አንቺ ግን "እሷስ? እሷ የሞተችው ለምን ምክንያት ነው?" ብለሽ ዝም ትያለሽ። እውነትሽን ነው። እኔም ይሄን አባባል ስሰማ ደሜ ይፈላል። የተረፈ ሰው መትረፉን በትልቅ ሥራ እንዲከፍል ዕዳ የሚያሸክም ንግግር ነው።

በቬትናም የተዋጉ የአሜሪካ ወታደሮችን ያክም የነበረ ጆናታን ሼይ የሚባል ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ስለ ሞራል ቁስል ጻፈ። ፍርሃት ብቻውን አይደለም ሰውን የሚሰብረው፤ ትክክል ብሎ የኖረበት ነገር ሲጣስም ይሰበራል ነው ነገሩ። ወታደር ካልሆነም ሰው ላይ ይደርሳል። አንቺ "ጎረቤቴን አልጎዳም" ብለሽ ያደግሽ ልጅ ነሽ። አሁን ደግሞ "ቦታዬ ላይ ሰው ሞተ" ትያለሽ። ያማል፣ ማመሙም ተገቢ ነው። ግን ሐዘንና ጥፋት ይለያያሉ። መስኮት መፈለግ ጥፋት አይደለም። መኪናውን የነዳሽው አንቺ አይደለሽም። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች መዝገብ ያለ አግባብ ራስን መውቀስን ከምልክቶቹ መካከል አስገብቶታል፤ ማለትም ብዙ ተራፊ እንደ አንቺ ያስባል። ለምን እሷ፣ ለምን እኔ ላልሽው ግን መልስ የለኝም። አለኝ ብዬ አልዋሽሽም። ለቤተሰቧ ልትደርሺላቸው ከፈለግሽ አንድ ቀን አብረን እንሄዳለን፤ ግን ዕዳ ለመክፈል ብለሽ አይሁን።

ከአደጋ በኋላ ጠንክረው፣ ለሰው አዝነው፣ ሕይወትን በሌላ ዐይን አይተው የወጡ ሰዎች አሉ። ቴዴስኪና ካልሁን የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ አጥንተውታል። ቢመጣልሽ ደስ ይለኛል። ባይመጣ ግን ከአንቺ አልጠብቅም። እንደ ድሮሽ ማዛጋት ከቻልሽ ይበቃኛል።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በሕይወት ዘመናቸው 70 በመቶ ያህል ሰዎች እንዲህ ዓይነት ከባድ ነገር ይገጥማቸዋል። ከነዚህ ወደ ፒቲኤስዲ የሚደርሱት 5.6 በመቶ ናቸው። ሴቶች ከወንዶች ይበልጣሉ። "ከዚያው መኪና የወረደው ልጅ ደህና ነው፣ እኔ ምን ሆኜ ነው?" ብለሽኝ ነበርና ነው ይሄን ያመጣሁት። በዚያው አደጋ አንዱ ይታመማል፣ ሌላው አይታመምም። አጠገቡ ሰው የሞተበትና ያልሞተበት እኩል አይደሉም። ከታመሙት ውስጥ ደግሞ እስከ 40 በመቶ የሚሆኑት በአንድ ዓመት ውስጥ ያገግማሉ። ሕክምና ዕድሉን ከፍ ያደርገዋል።

አንድ ነገር ግን ቃል ግቢልኝ። ሌሊት ላይ "ምነው እኔ በሞትኩ" የሚል ሐሳብ መጥቶ አልሄድ ካለሽ፣ እስኪነጋ አትጠብቂ። ደውይልኝ። እኔ ካላነሳሁ እናትሽ ጋ። እሷም ካላነሳች ቅርብ ያለ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ፣ እዚያ ያገኘሽውን ሰው ንገሪ። ልታስቸግሪን አይደለም። ስልኬን ድምፁን ከፍቼ ነው የማድረው።

ሐሙስ ቀጠሮሽ ላይ የወንበሩን ነገር ለሐኪሟ ንገሪያት። እስካሁን አልነገርሻትም ብዬ እገምታለሁ። መናገር ካቃተሽ ከዚህ ደብዳቤ ያን ክፍል አሳያት፤ አንብባው ትጀምርልሽ። እኔ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ በርሽ ላይ እገኛለሁ። በእግር እንሄዳለን። "ይሄ ራሱ መሸሽ ነው" ካለችን ስንመለስ ታክሲ እንይዛለን፤ ከፊት አንቺ ትቀመጫለሽ።

አባትሽ